«ከተፈጥሮው ነው» ተብሎ የተመለሰ ልጅ

«ይድረስ ለአዘጋጆቹ። የምኖረው ለንደን ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት፣ በቅርቡ 18 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ተጫዋች፣ ዘፈን ሲሰማ እስክስታ የሚወርድ ልጅ ነበር። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን ዝምታ አበዛ። ከኮሌጅ ሲመለስ ሶፋው ላይ ይተኛል፣ ክብደት ጨምሯል፣ ሌሊት ያንኮራፋል፣ ደረጃ መውጣት እምቢ ይላል፣ መጸዳጃ ቤት ከገባ ቶሎ አይወጣም። የሰፈራችን ሐኪም፣ ጂፒው ጋ ብወስደው ከተፈጥሮው ነው ብለው መለሱን። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ የምታስተረጉምልኝ የ12 ዓመት እህቱ ናት። ደም ሊወስዱለት ሲሉ ስለሚጮህና ስለሚታገል 15 ዓመቱ ላይ ሞክረው ትተውታል። አሁን ደግሞ ሪሴፕሽን ላይ፣ 18 ስለሞላው ስለ እሱ ካንቺ ጋር አንነጋገርም ተባልኩ። ዘመድ በበኩሉ ጠበል ውሰጂው፣ አንገቱንና ወገቡን ወጌሻ ይሽው ይለኛል። አያቱ አዲስ አበባ ካረፉ ወራት አልፈዋል፤ እንዳይከፋው ብለን አልነገርነውም። ከየት ልጀምር?»

እናት፣ ከለንደን

ውድ እህታችን፣

ከደረጃው ይጀምሩ። ከጻፉልን ሁሉ ሳምንታት ላይጠብቅ የሚችለው እሱ ነው።

ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ጅማታቸው ላላ ያለ ስለሆነ፣ ከራስ ቅል ሥር ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች ከሌላው ሰው ይልቅ የመንሸራተት ዕድል አላቸው። ከተንሸራተቱ በመካከላቸው የሚያልፈውን ሕብለ ሰረሰር ይጫኑታል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ ካጋጠመ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ እነዚህን ይመልከቱ፦ አንገቱን ያመዋል ወይስ ገትሮ ይይዛል? ራሱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? አረማመዱ ተለውጧል፣ ይንገዳገዳል? ድሮ አጥብቆ የሚይዘው ማንኪያ ወይም ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል? ሽንት ወይም ሰገራ ማምለጥ ጀምሯል? አንዱ እንኳ ካለ ለዚያው ቀን ጂፒውን ያግኙ፤ ጂፒው ዝግ ከሆነ ወደ ጤና ምክር መስመሩ 111 ይደውሉ። እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ የአምቡላንስ ጥሪ፣ 999 ነው። ወጌሻውን ግን ፈጽሞ አያስጠጉ። የላላ አንገት ላይ የሚደረግ ማሸትና ማጠማዘዝ ልጁን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ወደፊት በማደንዘዣ የሚደረግ ሕክምና ቢያጋጥመው፣ ጥርስም ቢሆን፣ ዳውን ሲንድሮም እንዳለበትና አንገቱ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ለማደንዘዣ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ ታካሚው ተኝቶ ሳለ አንገቱን ወደ ኋላ ስለሚያጎብጡት።

ከእነዚህ ምልክቶች አንድም ከሌለ ደረጃውን እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይከታተሉ። መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ የሚያስፈራው ከሆነ ዓይኑን ይጠርጥሩ፤ የዓይን ሞራና የዓይን ብሌን ፊት መሾጠጥ ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሰዎች ላይ በወጣትነትም ይታያሉ፤ የደረጃው ጠርዝ የት እንደሚያበቃ መለየት ይከብዳቸዋል። ግማሽ ላይ ቆሞ የሚያለከልክ ከሆነ ልቡ መታየት አለበት፤ በሕፃንነቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከነበረ ደግሞ ይህን ሳይናገሩ አይውጡ።

አሁን ወደ ተመለሱበት ቃል እንምጣ። ዳውን ሲንድሮም ከልደቱ ጀምሮ ያለ ነው፤ ዝምታው ግን መስከረም ላይ የመጣ ነው። ለ17 ዓመት አብሮት የኖረ ነገር በአንድ ወቅት የተከሰተን ለውጥ አያብራራም። አዲስ ሕመም በነባሩ ጉዳት ሲሳበብ እንግሊዝ ያሉ ሐኪሞች ዲያግኖስቲክ ኦቨርሻዶዊንግ የሚሉት ስሕተት ነው፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች መዳን በሚችል በሽታ ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ስለዚህ ልጅዎ ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደተለወጠ ይናገሩ። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለው በአንድ በኩል የአምና ልጅዎን፣ በሌላው የዛሬውን ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ይተኛ ነበር፣ አሁን ስንት፤ ምን ይበላ ነበር፤ የትኛውን ልብስ ራሱ ይለብስ ነበር፤ በሳምንት ስንት ቀን ይጸዳዳ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ፊቱ የተቀመጠለት ሐኪም «ከተፈጥሮው ነው» ብሎ ለማለፍ ይቸግረዋል።

በደብዳቤዎ ካሉት ምልክቶች እኛ አስቀድመን የምንጠረጥረው የታይሮይድ ዕጢ መዳከምን ነው። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሕዝብ በጣም ይበዛል፤ ድካም፣ ክብደት መጨመር፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ ብርድ መብዛት፣ ዝግታና ድብርት ያመጣል። ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ስንፍና ይመስላል። ማወቂያው የደም ምርመራ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ፣ ቢበዛ በየ2 ዓመቱ መደረግ አለበት። ልጅዎ ከ15 ዓመቱ ወዲህ ደም ካልተወሰደለት ይህ ጥያቄ ክፍት ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው። ከተገኘበት መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቁርስና ከቡና ወይም ከሻይ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ በውኃ ይዋጣል። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን ከወሰደ በመካከላቸው 4 ሰዓት ያህል ይኑር፤ አለዚያ መድኃኒቱ ወደ ደም በቅጡ አይገባም።

ደሙ ከተወሰደ አይቀር ሲሊያክም አብሮ ይታይ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ነው፤ ዳውን ሲንድሮም ባለበት ሰው ላይ ይበዛል፤ ድካምና የሆድ ችግር ያመጣል። እዚህ ላይ ለሐበሻ ቤት የተለየ ጥንቃቄ አለ። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግሉተን የለውም። ልጅዎ የሚበላው ንጹሕ ጤፍ ብቻ ከሆነና ዳቦም ፓስታም የማይነካ ከሆነ ምርመራው ሕመሙ እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ላይ ግሉተን ያለበት ምግብ መብላት ያስፈልጋል። ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው ጤፉን ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ስለሚጋግር፣ የእርስዎ እንጀራ ከምን እንደተጋገረ ለሐኪሙ ይንገሩ። እሱ ሊገምተው አይችልም።

ማንኮራፋቱም የዋዛ አይደለም። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች የመተንፈሻ ቧንቧቸው ጠበብ፣ ምላሳቸው ገዘፍ ያለ ስለሚሆን፣ ተኝተው ሳለ ትንፋሻቸው ለሰኮንዶች እየተቋረጠ የሚቀጥልበት ስሊፕ አፕኒያ በብዛት ይገኝባቸዋል። እንቅልፉ በየጊዜው ስለሚሰበር ቀን ሙሉ ያንቀላፋል፣ ይነጫነጫል፣ ትምህርት አይገባውም። ሌሊት ስልክዎን አልጋው አጠገብ አድርገው 2 ወይም 3 ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹ። ትንፋሹ ቆሞ እንደገና በጉርምርምታ ሲመለስ፣ ወይም ተቀምጦና አንገቱን ቀልሶ ሲተኛ ከያዙት ለሐኪሙ ያሳዩና ወደ ስሊፕ ክሊኒክ ሪፈር ይጠይቁ። ምርመራው ብዙ ጊዜ ጣት ላይ በሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ቤት ውስጥ ሊጀመር ይችላል።

መጸዳጃ ቤት መቆየቱ ወደ ሆድ ድርቀት ያመለክታል። ይህን ጉዳይ ሰው በሐፍረት ስለሚያልፈው አጥብቀን እናስጠነቅቃለን፦ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች እንግሊዝ ውስጥ በሆድ ድርቀት ሞተዋል። በሳምንት ከ3 ጊዜ ያነሰ መጸዳዳት፣ ወይም እንደ በጠጥ የደረቀ ሰገራ ድርቀት ነው። የሚያታልለው ደግሞ ቀጭን ተቅማጥ ነው፤ የደረቀው ውስጥ ተቀርቅሮ ውኃው በጎን ሲያመልጥ ቤተሰብ ተቅማጥ መስሎት ማቆሚያ መድኃኒት ይሰጣል፤ ይብስበታል። የቀን መቁጠሪያ ላይ ለ2 ሳምንት ቀኑንና ዓይነቱን ምልክት ያድርጉ። ጂፒው ማክሮጎል የሚባለውን ዱቄት ካዘዘለት፣ ለአዋቂ የሚሆነው አንድ ከረጢት የሚበጠበጠው በ125 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው፤ በጥቂት ውኃ ማወፈር ሥራውን ያበላሸዋል። ተልባ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ውኃ ካልተጠጣበት ራሱ ይቀረቅራል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ከሆነ ያ ልጅ ከዚህ ነፃ መሆን አለበት፤ ለንስሐ አባትዎ ነገሩን ያስረዷቸው። ሆዱ ተነፍቶ ካስመለሰው ወይም በሕመም ከተጣጠፈ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የጆሮው ነገር አጭር ነው። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ኩክ ይሞላዋል፤ የማይሰማ ልጅ ደግሞ ዝም ያለ ልጅ ይመስላል። ነርሷ ጆሮውን በመብራት ትየው፤ የመስማት ምርመራም ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀጠሮ የሚያስተናግድ አሠራር አለ፤ አኑዋል ሄልዝ ቼክ (ዓመታዊ የጤና ምርመራ) ይባላል። እንግሊዝ ውስጥ በጂፒው የለርኒንግ ዲሰቢሊቲ (የአእምሮ ዕድገት ውስንነት) መዝገብ ላይ ያለ፣ 14 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ ይደረግለታል። ልጅዎ እስካሁን 4 ያህል ምርመራ ሊደረግለት ይገባ ነበር። ካልተጠራ ምናልባት መዝገቡ ላይ የለም፤ ወይም ለርኒንግ ዲፊከልቲ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ያኛው እንደ ዲስሌክሲያ ላለ የማንበብ ችግር የሚሰጥ ስለሆነ ለምርመራው አያስጠራም። ሪሴፕሽን ላይ እንዲህ ይበሉ፦ «ኢዝ ማይ ሰን ኦን ዘ ለርኒንግ ዲሰቢሊቲ ሬጅስተር? ሂ ሃዝ ዳውን ሲንድሮም። አይ ዋንት ሂዝ አኑዋል ሄልዝ ቼክ፣ ዊዝ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር።» ልጄ መዝገቡ ላይ አለ ወይ፣ ዳውን ሲንድሮም አለበት፣ ዓመታዊ ምርመራውን ከአማርኛ አስተርጓሚ ጋር እፈልጋለሁ ማለት ነው። ዐረፍተ ነገሩን ጽፈው ወረቀቱን ቢሰጡም ያው ነው። መዝገቡ የሕክምና ፋይሉ አካል ነው፤ ጎረቤትም አሠሪም የሚያየው አይደለም። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልጉ ወላጆች ብዙ እንደሆኑ እናውቃለን፤ የሚቀርበት ግን ልጁ ነው፤ በዚሁ መዝገብ የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በየዓመቱ በነፃ ያገኛል።

ቀጠሮው ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ሊወስድ ይገባል። በ10 ደቂቃ ከጨረሱት አልተሠራም። ቁመት፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ ሽንት፣ ልብ፣ ሆድ፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ ጥርስ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ስሜቱ፣ ለወጣት ደግሞ ስለ ሰውነቱና ስለ ፍቅር ግንኙነት ጭምር ይጠየቃል፤ በዚህኛው ላይ እናት ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብትል ልጁ የተሻለ ይናገራል። ሲጨርሱ ሄልዝ አክሽን ፕላን የሚባል ወረቀት መስጠት አለባቸው፦ ምን ተገኘ፣ ማን ምን ያደርጋል፣ እስከ መቼ። ወረቀቱን ሳይዙ አይውጡ።

ሴት ልጅዎን ከአስተርጓሚነት ያሳርፏት። የወንድሟን ሰገራና ሽንት፣ ነገ ደግሞ ከባድ ዜና መተርጎም የ12 ዓመት ልጅ ሸክም አይደለም፤ ደግሞም የማታውቀውን ቃል ትዘለዋለች። የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ፣ ኤንኤችኤስ፣ አስተርጓሚ የሚያቀርበው በነፃ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ ወዲያው ይጠይቁ፤ በዕለቱ ከደረሱ በኋላ ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የምናውቀው ሰው መጥቶ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብለው ከፈሩ በስልክ የሚያስተረጉም ይጠይቁ፤ ፊትዎን ሳያይ ይሠራል። በአካል የመጣውም ቢሆን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ደም መውሰዱን በተመለከተ፣ መጮኹ የምርመራው መጨረሻ መሆን አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. የ2010 የእኩልነት ሕግ የጤና ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ አሠራራቸውን እንዲያስተካክሉ ያስገድዳል፤ ሪዝነብል አድጀስትመንት ይሉታል። ስለዚህ እነዚህን በስም ይጠይቁ፦ የቀኑን የመጀመሪያ ቀጠሮ፣ ወረፋ ሳይጠብቅ እንዲገባ፣ እጥፍ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ያችኑ ነርስ። ማደንዘዣ ቅባት ያሳዝዙ፤ ሊዶካይንና ፕሪሎካይን ያለበት ዓይነት ከመርፌው 1 ሰዓት ያህል ቀድሞ ይቀባል፤ በሁለቱም ክንዶች መታጠፊያ ላይ፣ ምክንያቱም አንደኛው ደም ሥር እምቢ ካለ ሌላው ዝግጁ ይሆናል። በላዩ ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ካልተደረገ ቅባቱ ይጠረግና ሥራ አይሠራም። በዚያ ጠዋት ውኃ አጠጡት፣ እጁን አሙቁት፤ ደም ሥሩ ጎላ ይላል። ሳምንት ቀደም ብለው መርፌ ሳይኖር ክፍሉን ብቻ አይቶ፣ ክንዱ ላይ ማሰሪያው ታስሮለት ተፈቶ ይመለስ። «አያምህም» አይበሉት፤ ካመመው በሚቀጥለው አያምንዎትም። «ትንሽ ይወጋል፣ እስከ አሥር እንቆጥራለን፣ ያልቃል» ይበሉት። ይህ ሁሉ ካልሠራ ጂፒው ወደ ኮሚዩኒቲ ለርኒንግ ዲሰቢሊቲ ቡድን ይላከው፤ ነርሶቻቸው ቤት ድረስ መጥተው ደረጃ በደረጃ ያለማምዱታል። ሰው አፍኖ ይዞት እንዲወጋ ግን አይፍቀዱ፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት ሁሉ ያበላሻል።

«18 ስለሞላው ካንቺ ጋር አንነጋገርም» የተባሉት ግማሽ እውነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ወላጅ ፈራሚ አይደለም፤ የቅርብ ዘመድ መሆን ብቻውን በሕግ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም። ሌላው ግማሽ ግን ይኸውና። ልጅዎ «እናቴ ትስማ» ካለ፣ በምልክትም ቢሆን፣ ያ ፈቃድ ነው፤ ፋይሉ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ እርስዎም ተንከባካቢው ተብለው ይመዝገቡ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሜንታል ካፓሲቲ (የመወሰን ችሎታ) ሕግ ችሎታ የሚመዘነው ለእያንዳንዱ ውሳኔ ለየብቻው ነው ይላል፤ ቁርሱን መምረጥ የሚችል ሰው ቀዶ ሕክምናን መወሰን ሊያቅተው ይችላል። አንዱን ውሳኔ በሚገባው መንገድ፣ በሥዕልና በአጭር ቃል ተነግሮትም መወሰን ካልቻለ፣ ሐኪሙ ለእሱ የሚበጀውን፣ ቤስት ኢንተረስት የሚሉትን፣ ይወስናል፤ ከመወሰኑ በፊት ግን የሚንከባከቡትን ሰዎች ማማከር ግዴታው ነው። «ቤስት ኢንተረስት ሲወሰን እኔን ማማከር አለባችሁ» ይበሉ፤ ቃሉን ያውቁታል።

ስለ አያቱ የጻፉት ከሁሉ በላይ አሳዝኖናል። መርዶን አሽሞንሙኖ፣ ጊዜ ጠብቆ መንገር የኛ ወግ ነው፤ ለዘለዓለም አለመንገር ግን ወግ አይደለም። ልጅዎ ስልኩ መቋረጡን፣ የቤቱን ጥቁር ልብስ፣ የእርስዎን እንባ አይቷል። ምክንያቱን ስላላወቀ «አጥፍቼ ይሆን?» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሐዘኑን በቃል ማውጣት ያልቻለ ሰው በዝምታና በእንቅልፍ ያወጣዋል። ቤት ውስጥ፣ የሚወደው ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ «አያትህ ሞተች። ሰውነቷ መሥራት አቆመ። አትመለስም። አንተ ምንም አላጠፋህም» ይበሉት። «ተኛች»፣ «ሩቅ አገር ሄደች» ካሉት መተኛትንም መንገድንም ይፈራል። ፎቶዋን ይስጡት፣ ሻማ ያብራ፣ ተዝካር ካለ አብሮ ይቁም። ይህን ለሐኪሙም ይንገሩ። ሐዘንና ድብርት መታከም ይችላሉ፤ ነገር ግን የአካል ምክንያቶቹ ሳይመረመሩ «ለጠባዩ» ተብሎ የአእምሮ መድኃኒት ቢታዘዝለት፣ ለየትኛው ሕመም እንደሆነና መቼ ተገምግሞ እንደሚቆም ይጠይቁ። ኤንኤችኤስ ራሱ ይህን አላግባብ ማዘዝ ለማስቆም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስቶምፕ የሚባል ዘመቻ አለው።

ጠበሉን አንከለክልዎትም። ኪኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ፤ ቅዝቃዜ እንዳይመታው ቶሎ ይድረቅ። ሰባኪም ዘመድም «መድኃኒት ካላቆመ አይድንም» ካለዎት አይስሙት።

ሆስፒታል ፓስፖርት የሚባለውን ቅጽ ከኮሚዩኒቲ ቡድኑ ወይም ከሆስፒታሉ ይውሰዱ። ብዙው በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የተከፈለ ነው፦ ቀዩ ላይ አለርጂ፣ መድኃኒት፣ የመዋጥ ችግር፣ የልብ ታሪክ፤ ቢጫው ላይ እንዴት እንደሚግባባ፣ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፤ አረንጓዴው ላይ የሚወደውና የሚጠላው። ከሁሉም የሕመሙን ምልክት አስፋፍተው ይጻፉ፤ «ሲያመው ዝም ብሎ ጆሮውን ይይዛል» የምትል አንዲት መስመር ለማያውቀው ነርስ ከሦስት ገጽ ታሪክ ትበልጣለች። ሦስት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ በር ላይ ይሰቀል። ሆስፒታል ከገባ እንደ እሱ ላሉ ታካሚዎች የተመደበችው ለርኒንግ ዲሰቢሊቲ ሊዬዞን ነርስ እንድትጠራ ይጠይቁ፤ ብዙ ሆስፒታሎች አሏቸው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የጤናና የእንክብካቤ ሕግ መሠረት የጤና ሠራተኞች ስለ ለርኒንግ ዲሰቢሊቲና ኦቲዝም መሠልጠን አለባቸው፤ ሥልጠናው በኦሊቨር ማክጎዋን ስም የተሰየመ ነው፤ በ2016፣ በ18 ዓመቱ፣ የእሱና የወላጆቹ ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ በተሰጠው የአእምሮ መድኃኒት ሳቢያ ሕይወቱ ያለፈ ወጣት ነው።

ጂፒው አሁንም እምቢ ካለ ለክሊኒኩ ኃላፊ፣ ለፕራክቲስ ማናጀሩ፣ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በአማርኛም ቢጽፉ ይቻላል። ደብዳቤው ላይ ቀኑን፣ የተባሉትን ቃልና የሚፈልጉትን ምርመራ ብቻ ያስፍሩ። ቅሬታ በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

የታይሮይድ ሕመሙ ከተገኘና ኪኒኑን ከጀመረ ደግሞ ለነፃ መድኃኒት ካርድ ማመልከቻ የሆነውን ኤፍፒ92ኤ የሚባለውን ቅጽ ከጂፒው ይጠይቁ። ልጅዎ በሙሉ ጊዜ ትምህርት ላይ እስካለ ድረስ 19 ዓመት እስኪሞላው መድኃኒት በነፃ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይህ የነፃ መድኃኒት ካርድ ከሌለው በየትእዛዙ ሊያስከፍሉት ይችላሉ። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ለታይሮይዱ ብቻ ሳይሆን ለሚታዘዝለት መድኃኒት ሁሉ።